የአውራ ጣታችን ቸርነት

የሐበሻ እንግዳ ተቀባይነት ቀነሰ የሚሉ ሰዎች የስልካችንን አውራ ጣት አላዩም። አንድ የእጅ ባትሪ መተግበሪያ ገና ሲከፈት «አጭር የጽሑፍ መልእክቶችዎን እንዳነብ ይፈቅዱልኛል?» ብሎ በትሕትና ይጠይቃል፤ ጥያቄው ተነቦ ሳያልቅ ጣታችን «ፍቀድ» የሚለውን ተጭኖ ወደ ሌላ ጉዳይ አልፏል። ባትሪ የሰው መልእክት ማንበብ ምን ያደርግለታል ብሎ መመርመር እንግዳን ደጃፍ ላይ አቁሞ ዘር ማንዘሩን እንደመጠየቅ ነውና ከጨዋ አይጠበቅም። (ስልኩ ከፋብሪካ ሲወጣ የራሱ የእጅ ባትሪ እንደነበረውም አናነሣም።)

የቸርነቱ ስፋት የሚታየው ግን አሠራሩን ላወቀ ነው። በአንድሮይድ ስልክ ይህ ፈቃድ ላኪ አይመርጥም፤ አንዴ ከተሰጠ ከባንክም ሆነ ከእድር የሚገባው መልእክት ሁሉ፣ መተግበሪያው ባይከፈት እንኳ፣ በገባበት ቅጽበት ይደርሰዋል። በቅርቡ ከሜክሲኮ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ታክሲ አጠገቤ የተቀመጡ ጎልማሳ፣ ቸርችል ጎዳናን ስንወጣ «ይህን የምስጢር ቁጥር ለማንም አይስጡ» የሚል መልእክት ደርሷቸው ስልካቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ከዓይኔ ሸሸጉት። ጥንቃቄያቸው የሚያስመሰግን ነው፤ ቁጥሩን ለማንም ሰው አልሰጡም፤ የእጅ ባትሪ ደግሞ ሰው አይደለም።

ይህን ልግስና ለማደናቀፍ የተነሡ አልጠፉም። ድሮ ፈቃዱ ሁሉ መተግበሪያው ሲጫን በጅምላ ይሰጥ ነበር፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው አንድሮይድ 6 ግን አንድ በአንድ እየጠየቀ በጣታችን ላይ ሥራ አበዛበት። ጉግልም በ2017 እ.ኤ.አ. መተግበሪያ የራሱን ማረጋገጫ ቁጥር የያዘውን መልእክት ብቻ፣ ሌላውን ሳይነካ፣ የሚቀበልበትን መንገድ አበጀ፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ ይህን ፈቃድ ከሚጠይቁ መተግበሪያዎች ዋና ሥራቸው መልእክት ያልሆነውን አብዛኞቹን ከመተግበሪያ መደብሩ ከፕሌይ ስቶር ይከለክል ጀመር። አይፎንማ ጭራሽ ንፉግ ነው፤ ቁጥሩን ቁልፍ ሰሌዳው ላይ ያሳያል እንጂ የመልእክት ሳጥኑን ለመጣ መተግበሪያ አይከፍትም።

ደግነቱ ቴሌግራም አለልን። ፕሌይ ስቶር ደጅ ያስጠናው የመተግበሪያ ፋይል ከቡድን ወደ ቡድን ሲዘዋወር ውሎ ስልካችን ላይ ያድራል፤ ስልኩ «ምንጩ ያልታወቀ ነው» ብሎ ሲያስጠነቅቅም ያው ቸር ጣት ያልፈዋል፤ ፋይሉን የላከችው የአክስታችን ልጅ ሆና ሳለ ምንጩ አልታወቀም ማለት ቤተሰብ መድፈር ነው።