የቶርብል ላሞች

ቶርብል የምትባል መንደር አለች። ስዊዘርላንድ ውስጥ፣ ቫሊስ በሚሉት ካንቶን (ክፍለ ግዛት)፣ ከፊስፕ ከተማ በላይ ተራራው ላይ ተለጥፋ ነው ያለችው። ነዋሪዋ አምስት መቶ ያህል ነው። የመንደሩ ሰው በራሱ አነጋገር «ተርቢል» ይላታል። መጀመሪያ ስሰማ ተርብ ያለበት ቦታ መስሎኝ ነበር።

እዚያ የሄድኩት ባለፈው መስከረም ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የቶርብል ልጅ ነው። «ዐሥራ አራት ዓመት በርን ኖረህ አባቴን ሳታይ ስዊዘርላንድን አውቃለሁ እንዳትል» አለኝ። ከበርን እስከ ፊስፕ በባቡር አንድ ሰዓት አይሞላም። እ.ኤ.አ. በ2007 የተከፈተው 34.6 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ዋሻ ተራራውን ሰንጥቆ ያሳልፍሃል። ከዚያ ቢጫው የፖስታ አውቶቡስ ነው። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ ሹፌሩ ኩርባ በደረሰ ቁጥር ያንን ባለ ሦስት ድምፅ ጥሩንባውን ይነፋል። እኔ ደግሞ መስኮቱን ይዤ ጣርማ በርን አስባለሁ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ይሄ ሁሉ ሽቅብ ተወጥቶ የሚደረስበት ቦታ 1,500 ሜትር ነው። ከአዲስ አበባ ዝቅ ይላል! የአባቴ አገር መንዝማ ከዚህ እጥፍ ከፍታ ላይ ነው። ግን ቶርብል በረዶው ሲወድቅ ወራት ይቀመጣል። ነገሩ ሁሉ የሚመጣው ከዚያ ነው።

የባልደረባዬ አባት፣ አዛውንቱ፣ 78 ዓመታቸው ነው። ቤታቸው ከእርጅና ብዛት የጠቆረ እንጨት ነው። ምድር ቤቱ የከብት ነበር። ላዩ የእሳቸው፣ ከእሳቸው በላይ ያለው ፎቅ ደግሞ የእህታቸው ልጆች ነው። ቫሊስ ውስጥ ውርስ ለወንዱም ለሴቷም እኩል ስለሚካፈል ቤቱም በፎቅ ይቆራረጣል። የጎተራ ሩብ ያለው ሰው አለ። ጎተራው ራሱ እግር አለው፤ በየእግሩ ላይ ደግሞ ክብ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተደርጓል። አይጧ እግሩን ወጥታ ድንጋዩ ጋ ስትደርስ መዞሪያ ታጣለች። አዛውንቱ ይሄንን ሲያሳዩኝ በሁለት ጣታቸው የአይጧን አወጣጥ እየሠሩ ነበር፤ ከእኔ በላይ የተደሰቱት እሳቸው ናቸው።

የቶርብልን ስም በየዩኒቨርሲቲው ያስጠራው ግን ጎተራው አይደለም። ሕጉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1483 የመንደሩ ገበሬዎች ተሰብስበው የጋራ ግጦሹን፣ ደኑንና ጠፍ መሬቱን የሚያስተዳድር ማኅበር በጽሑፍ አቋቋሙ። ያኔ እኛ ዘንድ ዐፄ እስክንድር ገና በልጅነታቸው ነግሠው ነበር። በ1517 ደግሞ አንድ አንቀጽ ጨመሩ። ነገሩ ባጭሩ ይሄ ነው፦ በበረዶው ወራት ልትቀልብ ከምትችለው በላይ ላም በበጋ ወደ ተራራው ግጦሽ አታውጣ።

ይሄንን ወደ አማርኛ ስመልሰው ራሱ ተቸገርኩ። የእነሱን «ቪንተር» ክረምት ብለው፣ የእኛ ክረምት ሣር የሚያበቅል ነው፤ የእነሱ ሣር የሚቀብር። ላሟ ያን ሁሉ ወር የምትበላው ድርቆሽ ነው። ድርቆሹ ደግሞ ከየሰው የግል ማሳ ነው የሚታጨደው። ስለዚህ ገንዘብ ያለው ሰው በፀደይ ከቆላ ሃምሳ ላም ገዝቶ፣ የጋራውን ሣር አስግጦ፣ በመኸር መሸጥ አይችልም። ለመቆጣጠርም ቀላል ነው። የጎረቤትህን የድርቆሽ ጎተራ አየት ማድረግ ነው። ያለ ልክ ያወጣውን ከመንደሩ የተመረጠ ሹም ይቀጣው ነበር፤ ሹሙ ከቅጣቱ ግማሹን ለራሱ ይወስዳል። ግማሹን! እኛ ጋ ቢሆን በሳምንቱ የሹሙ አጎት ላሞች ሁሉ ነፃ ይወጡ ነበር ብዬ ሳቅሁ። አዛውንቱ አልሳቁም። «አጎቱስ? ላሙ ሲበዛ እኮ የሁሉም ሣር ነው የሚያንሰው» አሉኝ።

እንጨቱም እንዲሁ ነበር። የሚቆረጠውን ዛፍ ሹሞች ምልክት ያደርጉበት ነበር። ቤተሰቦች በቡድን ሆነው ይቆርጣሉ፣ እኩል እኩል ይከምራሉ፣ ከዚያ ዕጣ ይወጣል። ዕጣ ሲባል ኮንዶሚኒየም ትዝ የሚለው እኔን ብቻ ነው? አይብም ቢሆን በመኸር ላሞቹ ከተራራው ሲወርዱ በየላሙ ልክ ይከፋፈል ነበር። መንገዱንና የመስኖ ቦዩን የሚጠግኑት በአንድነት ነበር። ደቦ ማለት ነው በቃ።

አሜሪካዊው የሰው ባህል አጥኚ ሮበርት ኔቲንግ ከናይጄሪያ የጆስ አካባቢ ገበሬዎች ጥናቱ በኋላ እዚህ መንደር መጥቶ ተቀመጠ። ፈረንጅ አጥኚ ከአፍሪካ ወደ ፈረንጅ መንደር ሲሄድ ብርቅ ነው፤ ወድጄለታለሁ። የእሱን ጥናት ይዛ አሜሪካዊቷ የፖለቲካ ሳይንስ ሊቅ ኤሊኖር ኦስትሮም ቶርብልን የክርክሯ ምሳሌ አደረገችው። የጋራ ሀብት የግድ ወይ በመንግሥት ወይ በግለሰብ ካልተያዘ ይጠፋል የሚለውን አባባል ተሟግታ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

እዚህ ጋ ነው ሆዴ የተላወሰው። መንዝ ጓሳ አለና።

ጓሳን ለማታውቁት፦ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ፣ ወደ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሆን የሣር አገር ነው። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይውልበታል። ሣሩ ጓሳ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይሆናል፣ ገሳ ይሠራበታል። ለብዙ መቶ ዓመታት ያስተዳድረው የነበረው የቄሮ ሥርዓት ይባላል (የቅርቡን ቄሮ እንዳታስቡ፣ ስሙ ነው የተገጣጠመው)። አጽመ ርስት ያላቸው፣ የሁለቱ ቀደምት አባቶች የአስቦና የጌራ ዘሮች አለቃ ይመርጣሉ። ጓሳው ለዓመታት ይዘጋል። ሲያድግ ይከፈትና ሁሉም በአንድ ጊዜ ያጭዳል፤ ከዚያ እንደገና ይዘጋል። ሰርቆ ያጨደ ወዮለት።

ስለ ጓሳ ብዙ የሰማሁት ከአባቴ ነው። ልጅ ሆኜ የሽማግሌ ወሬ ይመስለኝ ነበር። አሁን እዚህ፣ በሌላ ሰው አገር፣ በሌላ ሰው አባት ቤት ተቀምጬ ልክ ያንኑ ወሬ በጀርመንኛ እሰማለሁ። ልዩነቱ አንድ ነው። የቄሮ ሥርዓት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የመሬት አዋጅ አብሮ ፈረሰ። አዋጁን ለማማት አይደለም፤ ጭሰኛ ለነበረው ስንት ሰው ነፃነት ነበር። ግን አዲስ አበባ የተጻፈ አንድ ወረቀት ገባርንም ቄሮንም አንድ ላይ ጠረገ። ጓሳውን ሲጠብቅ የነበረ ሰው በአንድ ሌሊት ባለ ሥልጣን መሆኑ ቀረ፤ ሣሩም ማጭድ በዛበት። ቆይቶ ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አቆመው፤ እግዜር ይስጣቸው፣ ዛሬም ጓሳ አለ።

ቶርብልን ግን ገነት አድርጌ ላቀርብላችሁ አልፈልግም። ያ የ1483ቱ ሕግ ሌላም ነገር ይላል፦ ከውጭ የመጣ ሰው ቶርብል ውስጥ መሬት ቢገዛ እንኳ በጋራ ግጦሹና በደኑ ላይ መብት የለውም። መሬቱ ያንተ፣ ላምህ ግን እደጅ። ቄሮም ቢሆን አጽመ ርስት የሌለውን አያስገባም ነበር። የተጠበቀ ሣር ሁሉ አጥር አለው፤ እኔ ደግሞ በሁለቱም አገር ከአጥሩ ውጭ ያለሁ ሰው ነኝ።

ይሄ ነገር ዛሬም በፓስፖርታቸው ላይ አለ። የስዊስ ፓስፖርት የተወለድክበትን ቦታ አይጽፍም። የዘር ሐረግህ የተመዘገበበትን መንደር ነው የሚጽፈው። ዙሪክ ተወልዶ ቶርብልን በዓይኑ ያላየ ሰው፣ ቅድመ አያቱ ከዚያ ከሆኑ ቶርብል ተብሎ ይጻፍለታል። «አገርህ የት ነው?» ስንባል «ተወልጄስ አዲስ አበባ ነው፣ አባቴ ግን...» የምንለውን እነሱ ማኅተም አድርገውበታል።

ደግሞ ብሩ አለ። ሕጉ ብቻውን መንደሯን አላቆማትም። የፌዴራል መንግሥቱ ለገበሬዎቹ በቀጥታ በዓመት 2.8 ቢሊዮን ፍራንክ ገደማ ይከፍላል፤ ማሳህ ቁልቁለት ከሆነ ጭማሪ አለው። ከታች ፊስፕ ደግሞ ሎንዛ የሚባለው ፋብሪካ አለ፣ በኮቪድ ጊዜ የሞደርና ክትባት ንጥረ ነገር ከተሠራባቸው ቦታዎች አንዱ። አዛውንቱ ራሳቸው ሠላሳ ስምንት ዓመት በፈረቃ ፋብሪካ ሠርተዋል። ላም አልበው፣ አውቶቡስ ይዘው ወርደው፣ ማታ ተመልሰው ድርቆሽ። እንዲያም ሆኖ ልጃቸው በርን ነው። እዚያው ቫሊስ ውስጥ አልቢነን የምትባል መንደር እ.ኤ.አ. በ2017 ሰው አጥታ፣ መጥቶ ቤት ለሚሠራ ወይም ለሚገዛ ከ45 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ለእያንዳንዱ አዋቂ 25,000 ፍራንክ ልትከፍል ድምፅ ሰጥታለች። ዐሥር ዓመት መቀመጥ ግዴታ ነው። ወሬው በእኛም የቴሌግራም ግሩፖች ዞሮ ነበር፤ የመኖሪያ ፈቃዱን አንቀጽ ማንም አላነበበም።

ማታ ወደ በርን ስመለስ መሐል ሜዳ ያለው አጎቴ ጋ ደወልኩ። ስለ ላሞቹ ነገርኩት። የ1517ቱን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አስደገመኝ።

«በረዶው ስንት ወር ይቀመጣል?» አለ።

«ብዙ ወር ነው ጋሼ።»

«ታዲያ ከብቱ የት ያድራል?»

«ድሮ ከቤቱ ሥር ነበር።»

«እንደኛው ነዋ!» ትንሽ ሳለ። «እሺ፣ ሕጉን ማን ነው ያወጣላቸው? ንጉሡ?»

«ራሳቸው ናቸው።»

«ከዚያ ወዲህስ፣ ማን ቀየረባቸው?»

«ማንም» አልኩት። ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ ስል፣ «አለሁ፣ አለሁ» አለኝ።