አንድ እጅ የጻፋቸው ማመልከቻዎች

የካ አባዶ ነው የምኖረው። እኛ ብሎክ ላይ ውሃ እንግዳ ናት፤ ስትመጣ ሰው ሁሉ ብድግ ይላል።

ባለፈው ዓመት የግቢያችን ኮሚቴ የነዋሪውን የውሃ አቤቱታ ጠቅለል አድርጎ እንዲያቀርብ ተጠየቀ። ጥናት የሚሠሩ ሰዎች "የይዘት ትንተና" የሚሉት ሥራ መሆኑ ነው። ማመልከቻው 300 ገደማ ነበር። የሚመሳሰለውን ለመለየት ሁለት ሁለቱን እያስተያየን እናንብብ ብንል 300 ወረቀት 44,850 ጥንድ ይወጣዋል። ኮምፒውተር የሚያውቅ የጎረቤት ልጅ "ለእኔ ተዉት" አለ። ተውንለት።

ማታውኑ ውጤቱ ደረሰ። አብዛኛው "ድግግሞሽ" ነው ተባለ። እሱን ጥለን የቀረውን ልናስገባ ነበር።

እኔ ግን ማመልከቻዎቹ የት እንደተጻፉ አውቃለሁ። አስፋልቱ ዳር፣ ጃንጥላ ስር፣ ላፕቶፕና ፕሪንተር ይዘው የሚቀመጡ ማመልከቻ ጸሐፊ አሉ። ጎረቤቶቼ ከፍለው የሚያጽፉት እሳቸው ጋ ነው። "ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው" ብለው ይጀምራሉ፤ "ትብብራችሁን በአክብሮት እጠይቃለሁ፣ ከሰላምታ ጋር" ብለው ይዘጋሉ። ማሽኑ ያገኘው መመሳሰል የእሳቸው እጅ ነው።

ለዚህ መላ ከተገኘ ቆይቷል። ካረን ስፓርክ ጆንስ የተባለች እንግሊዛዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1972 ሐሳቡን አስቀምጣዋለች፦ ሁሉም ጽሑፍ ውስጥ ያለ ቃል አንዱን ከሌላው አይለይም፣ በጥቂቱ ብቻ የሚገኘው ግን ብዙ ይመዝናል። በዚህ ሚዛን "ከሰላምታ ጋር" ዋጋ የለውም።

የአማርኛው ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው። አንዱ "ውሃ"፣ አንዱ "ውኃ"፣ አንዱ "ዉሀ" ብሎ ይጽፋል። ለእኛ አንድ ቃል፣ ለማሽኑ ሦስት። ስለዚህ ማወዳደሩ ሳይጀመር ሀን ከሃ፣ ከሐና ከኀ፣ ውን ከዉ፣ ሰን ከሠ፣ አን ከዐ፣ ጸን ከፀ አንድ ማድረግ ግድ ይላል። (ፊደል አክባሪ ዘመዶቼ ይቅር በሉኝ፤ ለቆጠራው ብቻ ነው።) በተቃራኒው "ይመጣል" እና "አይመጣም" ለማሽን ጎረቤታሞች ናቸው። የሶቪየቱ የሒሳብ ሰው ሌቨንሽታይን እ.ኤ.አ. በ1965 ያወጣው ስሌት አንዱን ቃል ወደ ሌላው ለመቀየር ስንት ፊደል መጨመር፣ መቀነስ ወይም መተካት እንደሚያስፈልግ ይቆጥራል። እነዚህን ሁለቱን የሚለያያቸው 2 ብቻ ነው፤ አንድ አ መጨመር፣ ልን በም መተካት። ቧንቧው ስር ባልዲ ይዞ ለቆመ ሰው ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው።

ማሽኑን አልጠላም። ያለ እሱ እስካሁን ወረቀት እያገላበጥን ነበር። ልጁንም አልወቅስም፤ "የሚመሳሰለውን ለይ" አልነው፣ ለየ። በኋላ ግን ሁለት ነገር ለመንኩት። አንደኛ፣ ቁጥሩን አትቀንስ፤ አንድ ዓይነት ወረቀት ላይ 100 ሰው ከፈረመ የተቸገረው 100 ሰው ነው። ሁለተኛ፣ የሚመሳሰሉትን ጎን ለጎን አስቀምጥና የተለየችውን መስመር ብቻ በቀለም አውጣልኝ።

አወጣልኝ። አንዷ ከሌሎቹ ጋር ቃል በቃል አንድ ናት፣ ከመጨረሻዋ መስመር በፊት ካለችው በቀር፦ "ውሃ የሚመጣውም ሌሊት 8 ሰዓት በመሆኑ፣ አራስ ስለሆንኩ ጄሪካን ይዤ ከአራተኛ ፎቅ መውረድ አልቻልኩም።"

ድግግሞሽ ከተባለው ክምር ውስጥ ነበረች። ኮሚቴው ከሁሉም በላይ አድርጎ አስገባት።