የሚከፈለው ለሎሚው አይደለም
«ሎሚና የወይራ ዘይት ለፈሰሰበት ዓሣ ይህን ያህል ገንዘብ ማውጣት ሞኝነት ነው» የሚለው፣ ስለ ግሪክ ዓሣ ቤቶች የወጣው ጽሑፍ አባባል ፈጽሞ አልተዋጠልኝም። ማንሃተን ውስጥ አንድ ትልቅ የግሪክ ዓሣ ቤት አራት ዓመት አስተናግጃለሁ። ውዱ ዓሣው ራሱ ነው። ላቭራኪውም ጺፑራውም (ሁለቱም የባሕር ዓሣ ዓይነቶች ናቸው) ሳይቆራረጥ፣ እንዳለ በረዶ ላይ ተደርድሮ ይታያል። ተነሱና ራሳችሁ ምረጡ። ዓይኑ ጥርት ያለ፣ ስንጥቡ ደማቅ ቀይ ከሆነ ትኩስ ነው። የደከመ ዓሣ በስጎ ሊሸፈን ይችላል፤ በከሰል ብቻ ሲጠበስ ግን መደበቂያ የለውም። ላዶሌሞኖ የሚባለው የሎሚና የወይራ ዘይት ድብልቅም ቢሆን ዝም ብሎ አይፈስም፤ ዘይቱና ሎሚው ወፈር እስኪል አብሮ ይመታል። ከላይ በአስተያየታቸው «ሒሳቡ ሲመጣ ክው አልኩ» ላሉት ወንድሜ፣ እውነትዎን ነው። ሜኑ ላይ ያለው ዋጋ የአንድ ፓውንድ ነው፤ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ጭንቅላቱና አጥንቱም አብሮ ይመዘናል። እኛ ቤት ካልተጠየቁ ጠቅላላውን የማይናገሩ አስተናጋጆች ነበሩ፤ ይህ ሁልጊዜ ያበሳጨኝ ነበር። ስለዚህ ዓሣው እሳት ላይ ሳይወጣ ሚዛኑንና ዋጋውን ይጠይቁ፤ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም። ለሁለት ሰው አንድ ዓሣ ይበቃል። ኦክቶፐሱንም ሳትቀምሱ እንዳትወጡ፤ ጫፉ ከሰል ላይ ኩርምት ብሎ ሲደርቅ፣ ውስጡ እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። የግሪክ ኦርቶዶክሶች በዐቢይ ጾም ዓሣ ትተው እሱን ይበላሉ፤ ደምና አጥንት የለውም ተብሎ ስለሚፈቀድ በዚያ ሰሞን ወጥ ቤታችን ፋታ አልነበረውም።