ዋናው ጤና

ማክሰኞ ማታ የዲሲው የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ቡድን ዴፖልን 81 ለ 76 አሸነፈ። አሸነፈ ነው ያልኩት፤ የፊደል ስህተት አይደለም። ቢግ ኢስት በሚባለው የዩኒቨርሲቲዎች ሊግ 29 መደበኛ ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፎ፣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ በጥር 2023 አሸነፈ። (ዓመቱን በፈረንጅ የምቆጥረው ሽንፈቱም የነሱ ስለሆነ ነው።)

ከሶፋው ዘልዬ ተነሣሁ። ስወርድ ግራ ጉልበቴ ቀጭ አለ። ማን ሊሰማው! ስልኬን አንሥቼ ባልንጀራዬ ጋ ደወልኩ።

«አሸነፍን!»

«ማን?»

«ጆርጅታውን ነዋ!»

ዝም አለ። ከኋላው ውሃ ይንቆረቆራል፤ ዕቃ እያጠበ መሆን አለበት። በመጨረሻ «ጎሽ» አለኝ፣ «እሱስ ቢሆንም ባይሆንም፣ ዋናው ጤና ነው።»

እንግዲህ ሌሊቱን እንቅልፍ የነሣኝ ይቺ ቃል ናት። መኪና ሲጎተት «ዋናው ጤና» ቢሉኝ ይገባኛል። ኪራይ ሲጨምር፣ ሥራ ሲቀነስ፣ ቪዛ ሲከለከል፣ ጎረቤት ጠዋት ማታ ተመላልሶ ቢለኝ አልጠላም። ለ29ኙም ሽንፈት ተብሎልኝ አመስግኛለሁ። ለድል ግን እንዴት ይባላል? ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ ለብሳ ሠርግ የገባች ሴት አትመስልም? ሰው ሲከፋው ያጽናኑታል፤ ሲደሰት ደግሞ ምን ሆኗል ተብሎ ነው የሚያጽናኑት?

በነገራችን ላይ የዚህ ቡድን ደጋፊ የሆንኩት በስህተት ነው። አሜሪካ የገባሁ ሰሞን ዲሲ መሐል ከተማ፣ ቻይናታውን አጠገብ፣ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ዛሬ ካፒታል ዋን አሬና የሚባለው አዳራሽ ያን ጊዜ ስሙ ኤምሲአይ ሴንተር ነበር። አንድ የየካቲት ሌሊት፣ ብርዱ ጆሮ ሲቆርጥ፣ ግራጫ ሹራብ የለበሱ ጎረምሶች «ሆያ! ሆያ!» እያሉ ወደ ጋራዡ ወረዱ። መቼም የሀገሬ ልጅ ምን እንደሚያስብ ያውቃል። ቡሄ! ዱላ የለም፣ ጅራፍ የለም፣ ወሩም ነሐሴ አይደለም፤ ግን አፌ ከኔ ቀድሞ «ሆ!» ብሎ መለሰ። አንደኛው በጣም ደስ ብሎት አምስት ዶላር ሰጠኝ። ሙልሙል መሆኑ ነው። ሙልሙሉን የበላ ሰው ደግሞ ዞር ብሎ ሌላ ቤት አይጨፍርም።

ሆያ የተባሉበትን የስማቸውን ትርጉም ያወቅሁት በኋላ ነው። «ሆያ ሳክሳ» የሚባለው ጩኸታቸው ግሪክና ላቲን ተደባልቆበት «እንዴት ያሉ ድንጋዮች!» እንደ ማለት ነው አሉኝ። በዚያ የሽንፈት ዘመን ከሦስት ነጥብ መስመር ሲወረውሩ ላየ ሰው ትርጉሙ ግልጽ ነበር።

ድሮ ግን ድንጋይ አልነበሩም። ሽማግሌው የጋራዥ ባልደረባዬ ስለ 1984 ሲያወራ ድምፁ ይቀየር ነበር። ነጭ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል የሚያደርገው ጆን ቶምፕሰን፣ የዩኒቨርሲቲዎቹን የአንደኛ ዲቪዚዮን ዋንጫ ያነሣ የመጀመሪያው ጥቁር አሠልጣኝ፤ መሐል ላይ እንደ ዋርካ የቆመው ፓትሪክ ዩዊንግ፤ ሂውስተንን 84 ለ 75። በቀጣዩ ዓመት በፍጻሜው ቪላኖቫ በሁለት ነጥብ ነጠቃቸው። እዚያ ላይ ሲደርስ ሽማግሌው ሳንድዊቹን ያስቀምጥ ነበር። ከ1984 ወዲህ ያ ዋንጫ የለም። አንድ፣ እሱም የአያት ዘመን።

እኔ ደግሞ በአንድ ዋንጫ መኖርን ከማንም አሜሪካዊ በፊት ተለማምጄዋለሁ። 1962፣ አዲስ አበባ፣ ግብፅን 4 ለ 2። ስንት ትውልድ በዚያ ጨዋታ አደገ? ከ1982 በኋላ ደግሞ 31 ዓመት ጠብቀን በ2013 ደቡብ አፍሪካ ለአፍሪካ ዋንጫ ስንደርስ ከዛምቢያ ጋር አንድ እኩል ወጣን። ያችን አንድ ነጥብ እኮ እንደ ሠርግ ነው የጨፈርንላት! ቀጥሎ ቡርኪናፋሶ አራት አግብታ ሸኘችን፣ ናይጄሪያ ሁለት ጨመረች። የዲሲ ፈረንጆች ያኔ ገና የጀመሩትን ትምህርት እኔ ተመርቄበታለሁ።

ተመርቄበታለሁ ስል ግን ጉራ ነው። መጋቢት 2021 ዩዊንግ ራሱ አሠልጣኝ ሆኖ፣ ስምንተኛ ደረጃ ላይ የተመደበው ቡድን የቢግ ኢስትን ጥሎ ማለፍ ጠራርጎ ሲወስድ፣ በፍጻሜው ክሬይተንን 73 ለ 48 ሲረታ፣ የሚቀጥለው ዓመት ዋንጫ የኛ ነው ብዬ ማልኩ። ኅዳር ላይ ዳርትመዝ በመክፈቻው፣ ያውም በሜዳችን፣ 69 ለ 60 ሲያሸንፈን፣ እሺ ግማሹን ጨዋታ ብናሸንፍ አልኩ። በጥር አንዷን ብናሸንፍ አልኩ። በየካቲት ከአሥር ነጥብ ባነሰ ብንሸነፍ አልኩ። በመጨረሻ እስከ ዕረፍት ብቻ እንቆይ አልኩ። በሊጉ ከ19 ጨዋታ ዜሮ። አንድ ቀን ባለቤቴ «አሸነፋችሁ እንዴ፣ ትስቃለህ?» አለችኝ። «ኧረ በስምንት ብቻ ነው የተሸነፍነው!» አልኳት። ልጆቹን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች።

ደግሞ እኮ ሲሸነፉ መጨረሻው ላይ የሚያደርጉት ነገር አለ። ተጋጣሚው በሃያ ነጥብ ይመራል፣ ኮከቦቹን አስቀምጦ ተቀያሪዎቹን ያስገባል፤ ይሄኔ የኛዎቹ ድንገት ነፍስ ይዘራሉ፤ ስምንት ነጥብ በተከታታይ! ከአባቶች ተረት ሁሉ አብልጬ የምወደውን እዚህ ልጥቀስ፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። የቡድኑ ምልክት ቡልዶግ መሆኑን ስነግራችሁ ተረቱ ለነሱ የተተረተ አይመስላችሁም? ውሻው በየጨዋታው እየመጣ ተጎልቶ ያያል። ያሳዝነኛል።

ጅብ ሲነሣ ዕቁባችን ትዝ ይለኛል። አሥር ሆነን፣ በወር ሁለት መቶ ዶላር፣ ሁለት ሺህ ብር በዕጣ (ዶላሩን ብር የማለት ልማድ አልለቀቀኝም)። ሰውየው የመጀመሪያውን ዕጣ አወጣ፤ ሁለት ወር ከፈለ፤ ሌላ ስቴት ገባ። ከሄደ በኋላ ዘጠኛችንም ጮኽን። ዋሱ «እኔ ዋስ የሆንኩት ለጠባዩ ነው» አለ። ዳኛችን ምን እንዳሉ ገምቱ። «ልጆች፣ ገንዘብ ይመጣል፣ ዋናው ጤና!» ጤና የማን? የሰውየው ከሆነ ደህና ነው፤ በዚያው ዓመት አዲስ መኪና ተደግፎ የተነሣውን ፎቶ አይቻለሁ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሰው አገናኝቶን ሃምሳ ዶላር ላከልኝ። እኔም ጅሉ ደውዬ አመሰገንኩት! ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይግላል። መቶ ሃምሳ ቢቀረው ባልተናደድኩ፤ ያመሰገንኩት ነው የሚያበግነኝ። ይህን አፍ ማነው ያስተማረው? በስምንት ነጥብ ሲሸነፍ የሚስቀው አፍ ነው፣ ሌላ ማን ይሆናል።

ስለ ዩዊንግ ልል የነበረው ነገር ነበር። በመጋቢት 2023 እስኪባረር ድረስ በየጨዋታው ይባረር የሚሉት ወጣቶች በዝተው ነበር፤ ቁጥሩን ሲያዩት እውነት ነበራቸው፤ እኔ ግን አፌ አልተከፈተም። ያ የ2021 የድል ሳምንት ራሱ፣ ድሮ ለኒውዮርክ ኒክስ በተጫወተበት አዳራሽ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ ጥበቃዎቹ እያስቆሙ መግቢያ ወረቀት ይጠይቁት እንደነበር ተማሮ ተናግሯል። 33 ቁጥር ማሊያው እዚያው ጣሪያ ላይ ተሰቅሎ! አንጀቴን በላው። ጥበቃዎቹንም ግን ሙሉ በሙሉ መውቀስ አልቻልኩም፤ የጋራዥ ሰው ፊት አያይም፣ ቲኬት ነው የሚያይ።

የት ነበርኩ? አዎ፣ ዋናው ጤና። ረቡዕ ጠዋት ከአልጋ ስነሣ ግራ ጉልበቴ ዳቦ ሆኖ አብጧል። ባለቤቴ የቀዘቀዘ አተር በላስቲክ አሰረችበት። «በ29ኙ ሽንፈት አንድም ቀን አልታመምክም» አለችኝ። ሐኪሙ የሠላሳ ዓመት ልጅ ነው፤ ምን ስሠራ እንደተጎዳሁ ጠየቀኝ። ቴሌቪዥን እያየሁ ብዬ መናገር አፈርኩና ደረጃ ላይ ነው አልኩት።

ማታ ባልንጀራዬ ደወለ።

«ጉልበትህን ታመምክ አሉ?»

«አዎ።»

«አይዞህ፤» ሲል የሚቀጥለውን ቃል ጠበቅሁ፣ ጥርሴን ነክሼ። እሱ ግን «አሸንፋችኋል አይደል?» አለኝ።