ሌላ ሰው ለሠራው ቤት እኔ ልቀጣ?
ቤቱን ስገዛ የኋላው ክፍል ያለ ግንባታ ፈቃድ መሠራቱን የነገረኝ የለም። አሁን ክፍሉን በደንቡ መሠረት አስተካክይ፣ አለዚያ ትቀጫለሽ የሚለው የግንባታ ተቆጣጣሪዎች ማስጠንቀቂያ የመጣው በእኔ ስም ነው። ሻጩማ ገንዘቡን ይዞ ሄዷል! ደንቡን አልጠላም፤ ልጆቼ የሚተኙበት ክፍል ነው፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ ያለ ግራውንድ ሽቦ (ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ) መዘርጋቱን ሳውቅ እኔም ደንግጫለሁ። የሚያንገበግበኝ አሠራሩ ነው። አንዱ ተቆጣጣሪ የደረጃውን መደገፊያ አስተካክይ ብሎኝ ይሄዳል፤ አስተካክዬ ስጠብቅ ሌላው መጥቶ ግድግዳው ተከፍቶ ሽቦው ካልታየ አልፈርምም ይላል። ልስኑና ቀለሙ ያለቀ ግድግዳ እኮ ነው! ምናለ መጀመሪያውኑ ሁሉንም በአንድ ወረቀት ጽፈው ቢሰጡኝ? ቀነ ገደቡ እንደሆነ አይጠብቅም። ማስተካከያ የምሠራበት ፈቃድ እነሱው ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ቅጣቱ በእኔ ላይ ይቆጥራል።