ዓለምን በ700 ቃል ለሚያድኑ ልጆቻችን

ማሻ አላህ፣ እሰይ! ድሮ ለወሎ መጪውን ዘመን የሚነግሯት እነ ሼህ ሁሴን ጅብሪል ነበሩ፤ እሳቸውም በግጥም። ዛሬ ከደሴ እስከ ወልዲያ አሥራ አንደኛ ክፍል የረገጠ ሁሉ ለዓለም አቀፍ የድርሰት ውድድር ብሎ 2050ን በእንግሊዝኛ፣ በ12 ቁጥር ፎንት ይተነብያል።

ሥራው ጥበብ አለው። መክፈቻው «ዓለማችን አንድ መንደር ሆናለች» ነው፤ የትኛው መንደር ተብሎ አይጠየቅም። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ማንዴላ ስለ ትምህርት የተናገሩት ይገባል፤ ርዕሱ ስለ ውቅያኖስ ቢሆንም ይገባል። ቀጥሎ በ2015 እ.ኤ.አ. የጸደቁት 17ቱ የዘላቂ ልማት ግቦች ይጠራሉ። መጠራታቸው በቂ ነው፤ 169 ንዑስ ግቦች እንዳሏቸው የጠቀሰ ልጅማ ምሁር ተባለ። መፍትሔው የሞባይል መተግበሪያ ነው። ድርቁን መተግበሪያ ይመልሰዋል፣ ስደቱን መተግበሪያ ያስቀረዋል፤ መብራት ካልጠፋ።

ጀማሪ የሚሳሳተው የሚያውቀውን ሲጽፍ ነው። የደቡብ ወሎዋ የለጋምቦ ልጅ ሆኖ ስለ በልግ ይጽፋል። ኧረ ተው! ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚጠበቀው ዝናብ ሲቀር የደጋው ገብስ እንደሚቀር፣ ለመኸር የተቀመጠው ዘር በረሃብ እንደሚበላ፣ ዘግይቶ የተዘራውን ደግሞ ጥቅምት ላይ ውርጭ እንደሚመታው ዳኞቹ ከየት ያውቁታል? የማያውቁትን ነግሮ ሰው ማስቸገር ነውር ነው። ስለ ዋልታ በረዶ መቅለጥ ይጻፍ፤ እሱን ሁሉም ያውቀዋል። የቦርከና ወንዝ ከከተማው ይዞት የሚወርደው ፌስታልም ይቅር፤ ፓሲፊክ ላይ የተንሳፈፈ ፕላስቲክ እያለ! የ66ቱን ረሃብ በዓይኗ ያየች አያት ቤት ውስጥ ብትኖርም አትጠየቅም። ምንጭ ማለት ሊንክ ያለው ነው፤ አያት ሊንክ የላትም።

ስለ ቁጥርም እንነጋገር። ጎይ የተባለው የጃፓን የሰላም ፋውንዴሽን በ2000 እ.ኤ.አ. የጀመረው የወጣቶች ውድድር የዕድሜ ጣሪያው 25 ዓመት ነው፤ ድርሰቱ ከ700 ቃል አያልፍም፤ አንደኛ ለወጣ 100,000 የን ይሰጣል። የኛ ጀግና 1,400 ቃል ይጽፍና በመጨረሻዋ ሌሊት ግማሹን ይቆርጣል። የሚቆረጠው ሁልጊዜ ስለ ሰፈሩ የጻፈው ግማሽ ነው።

መዝጊያው ሰኔ 15 ነው፣ በፈረንጅ። በኛ አቆጣጠር ሰኔ 8 መሆኑን ያልለየ ልጅ «ገና ሳምንት አለኝ» እያለ ማንዴላን ያስውባል። የለየው ደግሞ ሰኔ 8ን እስከ እኩለ ሌሊት አለኝ ብሎ ይቀመጣል። ጃፓን 6 ሰዓት ትቀድመናለችና እዚያ ቀኑ ሲያልቅ እዚህ ገና አመሻሽ 12 ሰዓት ነው፤ መክሰስ ሳይነሳ በሩ ተዘጋ ማለት ነው። መቼም ዓለምን ለማዳን የሚሮጥ ሰው ሰዓት አይቆጥርም።

ቻትጂፒቲ ከመጣ ወዲህ ይህ ሁሉ ድካም ቀርቷል፣ ይመስገን። አርባ ተማሪ አርባ ድርሰት ያወጣል፤ አርባውም ላይ ያው «ሁለንተናዊ ትብብር» በአንድ መስመር፣ በአንድ ቦታ። መምህሩም አይከፋቸውም። ውድድሩ በርከት አድርጎ ለላከ ትምህርት ቤት የማበረታቻ ሽልማት አለው፤ አርባ ደግሞ በርካታ ነው።

ከአንዳንዱ ውድድር ለላከ ሁሉ ሰርተፍኬት በኢሜይል ይመጣል። ፒያሳ ወርዶ በከለር ማሳተም ነው፤ ወፈር ያለ ወረቀት ይባላል፣ ስስ ከሆነ ቀለሙ ይወርዛል። ላሚኔሽን አይመከርም፤ ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ይነበባል። ፍሬም ይሻላል፣ ጠርዙ ሰፊ የሆነው። «ለተሳትፎ» የምትለውን የታችኛዋን መስመር ልክክ አድርጎ ይሸፍናታል።