እርማት፦ 26 ልኬት ለስበት ተብሎ የተፈጠረ ቁጥር አይደለም

ወዳጄ፣ «የስትሪንግ ቲዎሪ ሰዎች ስበትን ማስረዳት ሲያቅታቸው 26 ልኬት ፈጠሩ» ብለሃል። ስትሪንግ ቲዎሪ ቅንጣቶችን እንደሚንቀጠቀጡ ጥቃቅን ክሮች (ስትሪንጎች) የሚያይ ሐሳብ ነው። ብዙ ሰው እንዲህ ያወራል። ታሪኩ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ በጣም የምወደው ታሪክ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

መጀመሪያ ላይ የስበት ወሬም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1968 ፊዚክሰኛው ጋብሪኤሌ ቬኔዚያኖ ቀመሩን ያወጣው የሀድሮኖችን (እንደ ፕሮቶን ያሉ ቅንጣቶችን) ግጭት ለማስረዳት ነው፤ ቀመሩ የስትሪንጎች መሆኑ የታወቀው በኋላ ነው። ቀመሩ ያምራል፣ ግን ዩኒታሪ አልነበረም። ዩኒታሪቲ ማለት፣ ሁለት ቅንጣቶች ተጋጭተው ሊከሰት የሚችለው ነገር ሁሉ ዕድሉ ሲደመር ድፍን 1 ይመጣል ማለት ነው። አይበልጥም፣ አይጎድልም።

በ1969 ኪካዋ፣ ሳኪታና ቪራሶሮ ቀመሩን እንደ መጀመሪያ እርከን ወስደው ሉፖችን (ቅንጣቶች መሃል ላይ ለአፍታ ተፈጥረው የሚጠፉባቸውን ተጨማሪ የስሌት እርከኖች) እንጨምርበት አሉ። ጣጣ ያመጣው አንዱ ሉፕ ነው፤ መስመሮቹ ሳይጠላለፉ ወረቀት ላይ የማይሳለው። ስሌቱ ውስጥ ከየትኛውም የታወቀ ቅንጣት ያልመጣ እንግዳ ስንጥቅ (ስሌቱ በአንድ ነጥብ ሳይሆን በመስመር ላይ የሚቋረጥበት ቦታ) ታየ። ይሄ ደግሞ ዩኒታሪቲን ይጥሳል።

በ1971 ክላውድ ላቭሌስ የልኬቱን ቁጥር 4 (ሦስት የቦታ፣ አንድ የጊዜ) ነው ብሎ ሳይወስን፣ ክፍት ትቶ አየው። ቁጥሩ 26 ሲሆን፣ የተወሰኑ ንዝረቶችም ከሂሳቡ ሲወጡ፣ ስንጥቁ ይጠፋል። በቦታው ፖል (ስሌቱ በአንድ ነጥብ ላይ ብቻ ወሰን የለሽ የሚሆንበት) ይቀራል፤ ፖል ደግሞ የቅንጣት ምልክት ነው። 26 የመጣው ከዚህ ነው።

እነዚያ ቅንጣቶች ዝግ ስትሪንጎች (ጫፍና ጫፋቸው ተገናኝቶ ቀለበት የሆኑ) መሆናቸው በኋላ ታወቀ። ከዝግ ስትሪንጎቹ መሃል ክብደት የሌለውና ስፒኑ (ውስጣዊ ሽክርክሪቱ) 2 የሆነ አለ። እሱ ግራቪተን (ስበትን የሚያስተላልፍ ቅንጣት) ነው የተባለው በ1974 ነው፤ ሼርክና ሽዋርዝ፣ ለብቻውም ዮኔያ።